ከትንሹ ጋራዥ እንጀምር

ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ልትናገሩት ያሰባችሁት ነገር አፋችሁ ላይ ደርሶ፣ ከእናንተ ከፍ ያለ ሰው ቀድሞ ሲናገር መልሳችሁ ውጣችሁት ታውቃላችሁ? ከዚያ ተራው እናንተ ጋ ሲደርስ «እኔም በተባለው እስማማለሁ» ብላችሁ፣ ቤት ስትገቡ ግን ያልተናገራችሁት ነገር ሲያንገበግባችሁ አምሽቶ ያውቃል? እኔ ላይ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ይህ ነገር ዓይን አፋርነት ብቻ ሳይሆን ጉዳት ያለው ስህተት መሆኑን ያስተማሩኝ ሰው ጋሽ ተፈራ ይባሉ ነበር።

ባለፈው ወር ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሄድ ስልኬ ጠራ። የጋሽ ተፈራ የቀድሞ ሠራተኛ ሰናይት ነበረች። «ጋሼ አረፉ» አለችኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ተፈራን ያወቅኳቸው ተከራያቸው ሆኜ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህርት ሆኜ ስቀጠር፣ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው አንዲት ሰርቪስ ክፍል አከራዩኝ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ እኔ ወደ ጉርድ ሾላ፣ እሳቸው ወሎ ሰፈር ወዳለው ጋራዣቸው። ሁለታችንም በታክሲ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲጠግኑ ኖረው የራሳቸው መኪና አልነበራቸውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሐኪም በሽታ ይገዛል እንዴ?» አሉኝ።

ቀጭንና ረጅም ነበሩ። ጥፍራቸው ሥር የገባው ግራሶ በምንም ሳሙና አይለቅም። ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ነጭ ሸሚዝ ሲለብሱ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነበር የሚቆሙት።

እኔ ማብራራት እወዳለሁ። ግቢ ውስጥ ቆመን ስለ ዘይት መወደድ እንኳ ስናወራ እጄ አየር ላይ ቀስት መሣል ይጀምራል። ጋሽ ተፈራ ይህን ያዩና «መምህርት፣ ጥቁር ሰሌዳውን ይዘሽው ነው እንዴ የምትዞሪው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ትተው ደብተሬን ከጠረጴዛው ላይ አነሡና ጽሑፌን አዩ። ርዕሱ ተሠምሮበታል፣ ቀኑ ተጽፏል፣ ኅዳጉ ተጠብቋል።

«ቅዳሜ ከሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልብስ አጥባለሁ።»

«እሑድ እጠቢ። እኛ ጸሐፊ የለንም። ሰባታችንም እጃችን ግራሶ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ከጻፍን አይነበብም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ያለዚህ ቀሪው አይገባም። ወሎ ሰፈር ያሉት ትንንሽ ጋራዦች መለዋወጫ የሚገዙት ከሱቅ ነበር። ዕቃው እነሱ ጋ እስኪደርስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር ይወደዳል። ጋሽ ተፈራ አንድ ጊዜ በቀጥታ ሕንድ ላለ አምራች ደብዳቤ ጽፈው መልስ አላገኙም። አንድ ጋራዥ የሚፈልገው የፍሬን ሸራ ለዚያ ፋብሪካ ምኑም አይደለም። ቆይተው ሰባት ጋራዦች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙና በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ማኅተም ጻፉ። መልሱ በሳምንቱ መጣ። «ክቡራን ሆይ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ጋሽ ተፈራ ያቺን ቃል በጣም ወደዷት። «ለብቻዬ ስጽፍ ሰው አልነበርኩም፤ ሰባት ስንሆን ክቡራን ሆንን» እያሉ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያወሩ ነበር።

ስብሰባው የሚካሄደው በእሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። ከአሮጌ መኪና የተነቀሉ ወንበሮች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱ ቀበቶው እንኳ አልተፈታም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ተፈራ ጉዳዩን ይናገሩና «እሺ፣ ከትንሹ ጋራዥ እንጀምር» ይላሉ። ሠራተኛው ጥቂት፣ ቦታው ጠባብ የሆነው ጋራዥ መጀመሪያ ይናገራል፤ ትልቁ መጨረሻ። ትንሹ የሰናይት ነበር። ሰናይት ሙያውን ጋሽ ተፈራ ጋ ተምራ፣ ስምንት ዓመት አብራቸው ሠርታ፣ በመጨረሻ ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን በማያስቆም ቦታ የራሷን ጋራዥ የከፈተች ሴት ናት። ትልቁ የኢንጂነር ግርማ ነው፤ ባለ መስታወት ቢሮ፣ መኪናውን በኮምፒዩተር የሚመረምር፣ ለደንበኛ ማኪያቶ የሚጋብዝ ጋራዥ።

ሰው ተራው ደርሶ ዝም ሲል ጋሽ ተፈራ አያዩትም። ከቱታቸው ኪስ አንድ ትልቅ ብሎን ያወጣሉ፤ አቀርቅረው የብሎኑን እናት፣ ዳዶውን፣ እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ እያሉ ያጠብቃሉ፣ ከዚያ መልሰው ይፈታሉ። ያ እስኪያልቅ ማንም ጣልቃ አይገባም። መጀመሪያ ሳየው ሱስ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰውየው እንዳይፈራ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ነበር።

ኢንጂነር ግርማን ይህ ሕግ አይጥማቸውም ነበር። «ጋሼ፣ እኔ የማውቀውን ቀድሜ ብናገር፣ ሌላው የጎደለውን ቢጨምር ጊዜ እንቆጥባለን እኮ» አሉ አንድ ቅዳሜ።

«አንተ ከተናገርክ በኋላ የሚጨመር ነገር አይኖርም። ጭንቅላት መነቅነቅ ብቻ ነው የሚቀረው።»

ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት ጠይቄያቸው ነበር። መጽሐፍ ይጠቅሱልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ከስብሰባ» አሉኝ። «በዕድሜዬ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። አጨብጭቤ የወጣሁበት ይበዛል።»

በዚያው ሰሞን ነው አገራችን የአዳጊ አገሮችን የኢኮኖሚ ጥምረት የተቀላቀለችው። ለእኔ እንደ በዓል ነበር። ምዕራፉን አቋርጬ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣልኩ፤ አገሮቹን በዙሪያው አስቀመጥኩ። እርስ በርሳቸው በራሳቸው ገንዘብ ለመገበያየት እንደሚፈልጉ፣ ለልማት የሚያበድር ባንክ እንዳቋቋሙ፣ ለብቻቸው ሲናገሩ የማይሰሙ አገሮች አብረው ሲናገሩ የዓለም ገበያ ጆሮውን እንደሚያዞር በቀስት እያገናኘሁ አስረዳሁ። ከኋላ ሕይወት እጇን አወጣች። ሕይወት በዓመት ሁለት ጊዜ ብትናገር ነው።

«ቲቸር፣ ክቡ ውስጥ ግን ግዙፍ ግዙፍ አገሮችም አሉ። እኛ ስንናገር እነሱ ይሰሙናል?»

ረጅም መልስ ሰጠኋት። መልሱ በረዘመ ቁጥር እሷ አንገቷን እየደፋች ሄደች።

ማምሻውን ጋሽ ተፈራ ግቢው ቧንቧ ላይ እጃቸውን ሲያሹ ነገርኳቸው። ቀና ብለው ሰሙኝ። «መግባታችን ጥሩ ነው» አሉ። «ለብቻው ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያላገኘ ሰው ያውቀዋል። ለመሆኑ ስብሰባቸው ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ስለከበደኝ የማውቀውን ነገርኳቸው። «ውሳኔያቸው በስምምነት ነው ጋሽ ተፈራ። አንዱ ካልተስማማ አይወሰንም።»

«በስምምነት» አሉና ቧንቧውን ዘጉ። ለጊዜው በዚሁ አለፈ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ከፋብሪካው የምናዝዘውን ዕቃ ከራሱ ጭነት ጋር የሚያስመጣልን ነጋዴ ትዕዛዛችን እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልደረሰው በዚያ ዙር እንደማያካትተን ነግሮን ነበር። ሰናይት ጉርድ ሾላ የቆመ ሚኒባስ ልታይ ሄዳ አልተመለሰችም፤ መንገዱ ውኃ ሞልቶ ታክሲ ቆሟል። አስር ሰዓት ተኩል አለፈ። ጋሽ ተፈራ ሰዓታቸውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ብሎኑን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«እሺ ኢንጂነር፣ አንተ ጀምርና እንጨርስ።»

ኢንጂነር ግርማ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ከተማው በአዳዲስ ትንንሽ አውቶሞቢሎች እየተሞላ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ገበያው የእነሱ እንደሆነ፣ ስለዚህ ትዕዛዙ በሙሉ የእነሱ ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ቢሆን እንደሚያዋጣ አስረዱ። አራቱ ተራ በተራ ተስማሙ። ጋሽ ተፈራም ተስማሙ። በሩ የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ሰናይት ከፀጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ ገባች። ኢንጂነር በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሯትና ወረቀቱን ሰጧት። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ሰውን በተራው የማያዩት ጋሽ ተፈራም ያን ቀን አዩዋት።

ወረቀቱን አነበበች። ከንፈሯ ሲላቀቅ አይቻለሁ። ከዚያ ተመልሶ ገጠመ።

«ሁላችሁ ከተስማማችሁ እኔ ምን እላለሁ? እስማማለሁ» አለች።

እኔም በንጹሕ ጽሑፌ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሠመርኩበት።

የሰናይት ደንበኞች ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ አሮጌ ሚኒባሶች እንደሆኑ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ትዕዛዝ ውስጥ ለአሮጌ ሚኒባስ የሚሆን አንዲት ኩሽኔታ አልነበረችም። እሷም ታውቃለች። አርፍዳ ገብታ፣ ስድስት ሰው የጨረሰውን ነገር ማፍረስ ይሉኝታ ያዛት። እኛ ደግሞ ይሉኝታዋን ድምፅ ብለን ቆጠርነው።

ዕቃው ታኅሣሥ ውስጥ ገባ። ሰናይት ድርሻዋን ስትረከብ አንዱን ካርቶን ከፈተች፣ ዕቃውን አገላብጣ አየችው፣ መልሳ ዘጋችው። የሚኒባስ ሹፌር ቆሞ መጠበቅ አይችልም፤ ቀኑ እንጀራው ነው። ዕቃ የለም ሲባል ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። የካቲት ላይ ከሁለት ሠራተኞቿ አንዱ ለቀቀ። የቦታው ባለቤትም ኪራይዋን እስከ ፋሲካ ካልከፈለች ለሌላ ሰው እንደሚያከራየው ነገራት። ይህን ሁሉ የሰማነው ግን በኋላ ነው። ጋሽ ተፈራ ነገሩን ያወቁት የመኪና ማንሻ ክሪክ ሊዋሱ እሷ ጋ ሄደው ነው። ጋራዡ ባዶ ነበር። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ሰናይት አንዱ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ራት እንዳልበሉ ቤተሰባቸው ነግሮኛል። «የነሐሴውን ቃለ ጉባኤ ይዘሽ ቅዳሜ ነይ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሁሉም በጊዜ ተገኙ። ጋሽ ተፈራ ያዩትን ተናገሩና የሰናይትን ካርቶኖች ሌሎቻችን ተከፋፍለን እንውሰድላት፣ ቀጣዩ ትዕዛዝ በእሷ ዕቃ ይጀምር አሉ።

ኢንጂነር ግርማ እጃቸውን አነሡ። «ጋሼ፣ እኔም አዝናለሁ። ግን ሰናይት እዚህ ነበረች፣ ተስማምታለች። ቃለ ጉባኤው ይነበብ።»

አነበብኩ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ስደርስ ከሥሩ ያሠመርኩትን መስመር በጣቴ ሸፈንኩት።

«መምህርት» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ «ሰው የገባበትን ሰዓት ትጽፊያለሽ አይደል?»

እጽፋለሁ። በዚህ ሁልጊዜ ነበር የሚቀልዱብኝ። ገጹን ገለጥኩና አነበብኩ፦ «ወይዘሮ ሰናይት ውሳኔው ካለቀ በኋላ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ገቡ።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሰበርኩትም እኔ ነኝ» አሉ። «ደግሞ የሰበርኩት ለደቂቃዎች ብዬ ነው።»

«ይገባኛል» አሉ ኢንጂነር። «ግን እሷ ልጅ አይደለችም፣ አፍ አላት። ዛሬ ይህን ከፈቀድን ነገ ሁሉም እየመጣ ሐሳቤን ቀየርኩ ይላል። እንደዚያ ከሆነ ማኅበር የለም።»

«እንደዚያ ካልሆነ ነው ማኅበር የሌለው። ያለው የአንተ ጋራዥ ነው፤ እኛ ደግሞ ደንበኞችህ ነን።»

ጋሽ ተፈራ ብሎኑን አወጡ። «ከትንሹ ጋራዥ እንጀምር» አሉና አቀረቀሩ።

የብሎኑ እናት እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ሰናይት የተናገረችው ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ነው።

«ኢንጂነር እውነታቸውን ነው፣ አፍ አለኝ። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ሁላችሁም ዞራችሁ ስታዩኝ አፈርኩ። አርፍጃለሁ፣ እርጥብ ነኝ፣ ነገር የማበላሽ መሰለኝ። ካሳ አልፈልግም። ለእናንተ የሚሆነውን ዕቃ ውሰዱት፣ ለእኔ የሚኒባስ ዕቃ ይታዘዝልኝ። እስከ ፋሲካ ካልመጣ ቁልፌን አስረክቤ እንደ ድሮው ጋሼ ጋ እቀጠራለሁ። እዚያም ቢሆን ሥራ ነው።»

አራቱ እሺ አሉ። ጋሽ ተፈራም እሺ አሉ። ኢንጂነር ግርማ ተራቸው መጨረሻ ደረሰ። «እኔ አልስማማም» አሉና ተነሥተው ወጡ።

ሁላችንም ጋሽ ተፈራን አየን። ፈገግ ብለው ነበር። «ይኸውላችሁ» አሉ፣ «ዛሬ ስብሰባ ተደረገ።»

አምስቱ ጋራዦች ካርቶኖቹን ተከፋፈሉ። ለሚኒባስ የሚሆነው ዕቃ በአውሮፕላን ተጭኖ ፋሲካ ሳይደርስ ገባ፤ ከአዲሶቹ ካርቶኖች አንዱን ሰናይት እዚያው ጋሽ ተፈራ ፊት ከፍታ ኩሽኔታውን ሳመችው። ኢንጂነር ግርማ ሁለት ወር ቀሩ። አንድ ቅዳሜ መጡና ቀበቶው ያልተፈታው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስብሰባው ሲያልቅ ራሳቸው እየሳቁ ለፋብሪካው ለብቻቸው ጽፈው እንደነበር ተናገሩ።

«እህ?» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ክቡር ይላል?»

«ምንም አይል ጋሼ። አልመለሱልኝም።»

ያን ዕለት ማታ ግቢ ስንገባ ጋሽ ተፈራ ወደ ክፍላቸው ሳይገቡ ቆሙ። «አገሮቹ በስምምነት ነው የሚወስኑት ብለሽኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«እኛም እኮ በስምምነት ነበር የወሰንነው።» ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «መግባታችን አሁንም ደስ ይለኛል። ትልልቆቹም ያለ ትንንሾቹ ክብ አይሆኑም፤ ግርማን አይተሽዋል። ግን ክቡራን ተባልን ብለን ዝም እንዳንል። ለልጆቹ ስታስተምሪ ይህንንም ጨምሪላቸው።»

«እርስዎ መጥተው ይጨምሩላቸው» አልኳቸው።

መጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው። እኔ የለመድኩትን ክብ ሰሌዳው ላይ ስሥል ትንሽ አዩና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ለጉብኝት የት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ መጀመሪያ የክፍሉን አለቃ አስነሡ። አለቃው ቅዳሜ ወንጪ እንሂድ አለ። ክፍሉ በሙሉ ወንጪ አለ። «ጥሩ፣ አሁን ያላችሁትን እርሱት» አሉና ከኋላ የተቀመጠችውን ሕይወትን ጠየቋት። ብሎኑን አወጡ። ክፍሉ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ።

«ቅዳሜ ከሆነ እኔ አልችልም» አለች ሕይወት በመጨረሻ። «ቅዳሜ እናቴ ሥራ ስለምትሄድ እኅቶቼን የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

አንድ እጅ ተነሣ። ሌላም ተነሣ። በቅዳሜ መምጣት የማይችሉ አስራ አንድ ተማሪዎች ነበሩ። ከደቂቃዎች በፊት ሁሉም ወንጪ ብለው ነበር።

ጋሽ ተፈራ ለማብራራት አልሞከሩም። ብሎኑን ኪሳቸው ከተው «አመሰግናለሁ ልጆች» ብለው ወጡ። እኔ ሰሌዳው ላይ ካለው ክብ አጠገብ «መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። የጥምረቱን ነገር ባስተማርኩ ቁጥር ዛሬም እጽፈዋለሁ። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም፤ ተማሪዎቼ ግን እንደ እኔ አላውቅም ለማለት አያፍሩም።

ከቀብራቸው በኋላ በመጣው ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰበሰበ። የእሳቸውን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። ቱታቸው ሲታጠፍ ኪሱ ውስጥ የተገኘው ብሎን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ስምንተኛ አባል ገብቶልናል፤ አቶ በላይ ይባላል፣ በሸራ ጥላ ሥር ጎማ የሚጠግን ዝምተኛ ሰው። ሰናይት ከእንግዲህ ትንሿ አይደለችም። ጉዳዩ በጋሽ ተፈራ ቦታ ማን ይሰብስበን የሚል ነበር። ዝምታው ሲረዝም ኢንጂነር ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ሊናገሩ ነው ብለን ዞርን። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰደድ አድርገው ብሎኑን ከወንበሩ አነሡ፣ አቀረቀሩ፣ የብሎኑን እናት ቀስ እያሉ ማዞር ጀመሩ።

አቶ በላይ ከተናገረ በኋላ ነው ሌሎቻችን የተናገርነው። የገባበትንም ሰዓት ጽፌለታለሁ።

ዕድሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ፣ የቤተሰብ ምክር፣ ሁላችሁም በቅርቡ የምትቀመጡበት አንድ ክብ አይጠፋም። እባካችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ከመካከላችሁ ድምፁ የማይሰማውን ሰው መጀመሪያ ጠይቁት። ከዚያ አትዩት። በእጃችሁ የሆነ ነገር ይዛችሁ አቀርቅሩ፣ ዝምታው ቢከብዳችሁም አትሙሉለት፤ እሱ እስኪጀምር ጠብቁ።